የአዲስ አበባ ደመወዝ በአዳማ ኪራይ፦ ምልልሱ ያዋጣል ወይ?

አዳማ ተከራይቶ አዲስ አበባ መሥራት ያዋጣል ወይ እያላችሁ ለምትጠይቁኝ ሁሉ መልሱን አንድ ላይ ልጻፈው። ግምገማ በሉት። የምገመግመው ከአዳማ ቃሊቲ የሚያመላልሰንን አባዱላ ሚኒባስ ነው። ግን መንገዱን፣ ኪራዩንና ወር መጨረሻ ላይ እጅ ላይ የሚቀረውን ብር ሳልጨምር ሚኒባሱን ብቻ ብገመግም ምንም አይጠቅማችሁም። ለእኛ ለተመላላሾቹ ታሪፍ ማለት ከደመወዝ ላይ የሚቆረጥ ነገር ነው።

ለቸኮለ ሰው ፍርዴን ላስቀድም። በየቀኑ እመላለሳለሁ የምትሉ ከሆነ ይቅርባችሁ። በሳምንት ሁለት ቀን ቢሮ ብቅ ማለት የሚበቃችሁ፣ ወይም ሥራችሁ በቃሊቲ፣ በገላን፣ በዱከም በኩል የሆነ ከሆነ ግን አዳማን የሚያህል የለም። የመንግሥት ሠራተኛ ሆኖ ወደ አዳማ ዝውውር ያገኘ ሰውማ ምን ያስጠይቀዋል? ዕቃውን ጭኖ ይምጣ።

አሁን ረጋ ብለን እንየው።

ከመንገዱ ልጀምር፣ ይሄ ሁሉ ወሬ ያለ መንገዱ አይታሰብምና። የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ የተመረቀው በ2007 መጀመሪያ ላይ ነው። በአገሪቱ የመጀመሪያው የፍጥነት መንገድ ነው፣ ሲገቡ ካርድ ተቀብሎ ሲወጡ መክፈልንም ያስተማረን እሱ ነው። 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል፣ ለመሄጃ ሦስት ለመመለሻ ሦስት መስመር አለው፣ ግራና ቀኙም ታጥሯል። አጥሩን ቀላል ነገር አድርጋችሁ አትዩት። በአሮጌው መንገድ ዱከምን፣ ቢሾፍቱንና ሞጆን መሃል ለመሃል እየሰነጠቀ፣ የጂቡቲ ከባድ መኪና ኋላ እየተጎተተ፣ ከብት እያሳለፈ የተጓዘ ሰው ይገባዋል። አሁን ከቱሉ ዲምቱ መግቢያ አዳማ መውጫ ድረስ ሹፌሩ መንገድ ላይ ካልተንቀራፈፈ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ለመንገዱ ከ5 ኮከብ 5 ሰጥቻለሁ፣ ሳልሰስት።

ጣጣው የሚጀምረው መንገዱ ሲያልቅ ነው። አባዱላው ቃሊቲ ያራግፋችኋል፣ ከዚያ በኋላ ያለው የአዲስ አበባ ጉዳይ ነው። ቢሮው ሳሪስ የሆነ ሰው እና ቢሮው ፒያሳ የሆነ ሰው በአንድ መኪና መጥተው ሁለት የተለያየ ኑሮ ነው የሚኖሩት። ከቃሊቲ መገናኛ ለመድረስ ጠዋት ላይ የሚፈጀው ጊዜ አንዳንዴ ከአዳማ ቃሊቲ ከፈጀው ይበልጣል፣ ይሄን ያላዩ ሰዎች «አዳማ እኮ ቅርብ ናት፣ አንድ ሰዓት ናት» ሲሉ እስቃለሁ። አዎ፣ አንድ ሰዓት ናት። ከዚያ ደግሞ የታክሲ ሰልፍ አለ፣ ከሰልፉ በኋላ መንገድ ይዘጋጋል፣ ቢሮ ስትደርሱ አለቃችሁ ሰዓቱን እያየ ነው።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ ጀሞ ወይም ኮዬ ፈጬ ተከራይቶ ቦሌ የሚሠራውም ሰልፉ አይቀርለትም። ኪራይ ለመቀነስ ብሎ ከመሃል ከተማ የወጣ ሁሉ ልዩነቱን በሰዓት እየከፈለ ነው። አዳማ ይሄንኑ ነገር ትንሽ ራቅ አድርጋ፣ ግን ሰፋ ያለ ክፍልና ጸጥ ያለ ግቢ ጨምራ ነው የምትሸጥላችሁ።

ወደ ሚኒባሱ ልምጣ። ጠዋት ከአዳማ ሲነሳ ጥሩ ነው። ከንጋቱ 11 ሰዓት አካባቢ ብትወጡ ሊሞላ የተቃረበ መኪና አታጡም፣ ተሳፋሪው ባብዛኛው የዘወትር ነው፣ ተቀምጦ ይተኛል፣ ማንም ማንንም አያስቸግርም። ሹፌሩም ቶሎ ደርሶ ሁለተኛ ዙር መጫን ስለሚፈልግ አይንቀራፈፍም። እንዲያውም ችግሩ ፍጥነቱ ነው፣ ኋላ ወንበር ላይ ቀበቶ ብትፈልጉ የምታገኙት አቧራ ነው።

ማታ ሌላ ታሪክ ነው። ረዳቱ «የቀረን ሁለት ሰው ነው!» እያለ ይጮሃል፣ ገብታችሁ ስትቆጥሩ ግማሹ ባዶ ነው። አርብ ማታና የበዓል ዋዜማ ደግሞ ታሪፍ የሚባለው ነገር ወረቀት ላይ ይቀራል፣ ሰው ሲበዛ ዋጋው አብሮ ይወጣል፣ የሚከራከር ሰው ካለ «ካልተስማማህ ውረድ» ነው መልሱ። ከዚህ ሁሉ የሚያናድደኝ ግን የፍጥነት መንገዱን ክፍያ አስከፍሎ በአሮጌው መንገድ የሚሄደው ሹፌር ነው። ቢሾፍቱ ያወርዳል፣ ሞጆ ይጭናል፣ እኛ ደግሞ እራት ሰዓት አልፎብን ቤት እንገባለን። ስትሳፈሩ «በአዲሱ ነው በአሮጌው?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ጮክ ብላችሁ፣ ሌላው ተሳፋሪ እንዲሰማ። ሰው በሰማበት ያለውን ቃል ማጠፍ ይከብደዋል። ለማታው አባዱላ 2 ኮከብ ሰጥቻለሁ፣ ሁለተኛውም ለጠዋቱ ሲባል ነው።

ባቡሩስ የሚል አለ። የአዲስ አበባ–ጂቡቲ ባቡር በአዳማ ያልፋል፣ እውነት ነው፣ ተሳፍራችሁበት የማታውቁ ለሽርሽር ሞክሩት። ግን የተሠራው ለረጅም ጉዞና ለጭነት ነው። የአዳማው ጣቢያ ከከተማው ወጣ ያለ ነው፣ የአዲስ አበባውም ለቡ በኩል ጫፍ ላይ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ፈርሞ ለሚገባ ሠራተኛ አይሆንም። በዚህ አለፍኩት።

አሁን ዋናው ነገር፣ ብሩ።

ሰው ከተማ ሲያወዳድር ያልተጣራ ደመወዝ ነው የሚያወዳድረው። «አዳማ 15 ሺህ ነው የሚከፍሉኝ፣ አዲስ አበባ 20 ሺህ፣ በወር 5 ሺህ ብር እንዴት ትቼ እመጣለሁ?» ይላል። እስቲ አብረን እንቁረጠው። በ2017 ተሻሽሎ በወጣው የገቢ ግብር መሠረት የመጀመሪያው 2,000 ብር ነጻ ነው፣ ከዚያ እስከ 4,000 ድረስ 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ድረስ 20፣ እስከ 10,000 ድረስ 25፣ እስከ 14,000 ድረስ 30፣ ከ14,000 በላይ ላለው 35 በመቶ። በዚህ ላይ 7 በመቶ ጡረታ አለ። የ20 ሺው ሰው 4,950 ብር ግብርና 1,400 ብር ጡረታ ተቆርጦበት 13,650 ብር ይደርሰዋል። የ15 ሺው 3,200 ብር ግብርና 1,050 ብር ጡረታ ከፍሎ 10,750 ብር ይይዛል። ልዩነቱ 2,900 ብር ነው። ያቺ «5 ሺህ ብር» ኪስ እስክትገባ 2,900 ሆናለች።

ከ14 ሺህ በላይ ከምትጨመርላችሁ እያንዳንዱ ብር 58 ሳንቲም ብቻ ነው እጃችሁ የሚገባው። ኪራይ ላይ ያተረፋችኋት ብር ግን ሙሉ ብር ናት፣ ማንም አይቆርጣትም። ስለዚህ ሁለት የሥራ ዕድል ይዛችሁ የምታመነቱ ከሆነ ጥያቄው «ስንት ይከፍሉኛል?» ብቻ መሆን የለበትም። በሁለቱ ከተሞች የምትከራዩት ቤት የዋጋ ልዩነት ከተጣራው ደመወዝ ልዩነት ይበልጣል ወይ? ከላይ ባለው ምሳሌ የአዲስ አበባው ቤት ከአዳማው በ2,900 ብር ከበለጠ፣ ትልቁ ደመወዝ ተበልቷል። የታክሲና የምሳ ልዩነትን ገና አልነካሁትም።

«እኔ ሁለቱንም እፈልጋለሁ፣ የአዲስ አበባ ደመወዝና የአዳማ ኪራይ» የሚለው ደግሞ እንደኔ ያለው ነው። ለእሱም ስሌት አለው። ከቤት በር እስከ ቢሮ በር፣ ባጃጁም አባዱላውም የከተማው ታክሲም ተደምሮ ደርሶ መልስ 500 ብር ይወጣል እንበል፣ ለማባዛት እንዲመች ነው፣ እናንተ የራሳችሁን አስገቡ። በወር 22 ቀን ከሠራችሁ 11,000 ብር ነው። ከ13,650 ላይ ስትቀንሱት 2,650 ትቀራለች፣ እሷም ኪራይ ሳትከፍሉ፣ ሳትበሉ። በወር 8 ቀን ብቻ ከሄዳችሁ ግን 4,000 ብር ታወጣላችሁ፣ 9,650 ይተርፋል። ያው ሰው፣ ያው ደመወዝ፣ ያው ቤት። የሚለየው አለቃው «ከቤት ሥራ» ማለቱና አለማለቱ ነው። ስለዚህ ቤት ከመፈለጋችሁ በፊት ከአለቃችሁ ጋር ተነጋገሩ፣ የሚያስማማችሁ ከሆነም በቃል ሳይሆን በደብዳቤ ይሁን። አለቃ ይቀየራል።

የመንግሥት ሠራተኛው ነገር ሌላ ነው። የደመወዝ ስኬሉ ለከተማ አይለይም። በ2018 በተሻሻለው ስኬል በዲግሪ የሚጀምር ሰው 11,500 ብር ነው፣ ተቆራርጦ 8,595 ብር ይደርሰዋል። በዚህ ብር አዲስ አበባ ብቻውን ቤት ተከራይቶ የሚኖር ካያችሁ ጠይቁት፣ ወይ ወንድሙ ጋ ነው ያለው፣ ወይ ለሦስት ነው የሚኖሩት፣ ወይ የምሽት ሥራ አለው። በዚያው ብር አዳማ ላይ ከመሃል ራቅ ብሎ አንድ ክፍል ቤት ይገኛል፣ ቢሮው በእግር ወይም በባጃጅ ነው፣ ምሳ ቤት ገብቶ ይበላል። ሀብታም አይሆንም፣ ከወር ወር ግን ይደርሳል።

ሰው ሁሉ ግን «አዳማ ርካሽ ናት» ብሎ በጅምላ ሲያወራ አልስማማም። ርካሽ የሆነው ኪራይ፣ የከተማ ውስጥ ትራንስፖርትና በሰው እጅ የሚሠራ ነገር ነው፦ ፀጉር ቤት፣ ጫማ ጠጋኝ፣ ልብስ ሰፊ፣ ጀበና ቡና። ሽንኩርትና ቲማቲምም ከመቂና ከባቱ በኩል ስለሚመጣ ብዙ ጊዜ ይሻላል። ጤፍ ግን ከተማ አይመርጥም፣ የምንጃርና የአድአ ጤፍ አዳማ አጠገብ ተመርቶ ዋጋው የሚወሰነው አዲስ አበባ በሚከፍለው ነው። ዘይት፣ ሳሙና፣ የሞባይል ጥቅል፣ መድኃኒት፣ ልብስ፣ ቴሌቪዥን፣ እነዚህ ሁሉ አንድ ናቸው፣ አንዳንዱ እንዲያውም የማጓጓዣ ተጨምሮበት ይመጣል። ስለዚህ ደመወዙ ባብዛኛው ለምግብና ለልጆች ወጪ የሚሄድበት ባለቤተሰብ እንደ ላጤው አይተርፈውም። ላጤ ሆይ፣ ያንተ ወጪ ኪራይ ነው፣ ና።

ሌላም የማይነገር ወጪ አለ። አዳማ የስብሰባ ከተማ ናት። ሥልጠና፣ ዎርክሾፕ፣ ግምገማ የሚባል ሁሉ እዚህ ነው የሚደረገው፣ አበል ይዞ የመጣው ሰው ደግሞ የማኪያቶ ዋጋ አይጠይቅም። በትልልቆቹ ሆቴሎች አካባቢ ያለው ዋጋ ለእሱ የተተመነ ነው። እዚያ ተቀምጣችሁ «አዳማም እኮ ያው ነው» አትበሉ፣ ሁለት ሰፈር ገባ ብላችሁ ተጋቢኖ ብሉ።

ሙቀቱን ለማያውቅ ሰው፦ ማራገቢያ ግዴታ ነው፣ አጎበርም እንደዚያው፣ ወባ አለ። ነፋሱና አቧራው ደግሞ ልብስ ማጠቢያ ያስወጣል። ያ ነፋስ በከንቱ አይነፍስም፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ያሉት ሁለቱ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች 51 እና 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። መብራት ጠፍቶ ማራገቢያው ሲቆም ግን ይሄ መረጃ ብዙም አያጽናናም።

እንግዳም አለ። አዳማ ቤት አለኝ ማለት ቅዳሜና እሁድ የአዲስ አበባ ዘመድና ጓደኛ አለኝ ማለት ነው። «ሶደሬ ልንሄድ ነው፣ እግረ መንገዳችንን አንተ ጋ» ይላሉ። ደስ ይላል፣ ግን ዶሮ ዶሮ ናት፣ በጀት ውስጥ አስገቧት።

ሀዋሳስ? የሚጠይቀኝ ብዙ ነው፣ ሐይቁን ስላየ። ሀዋሳ ከአዲስ አበባ 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፣ በየሳምንቱ መመላለስ አይታሰብም። ስለዚህ እዚያው የምታገኙት ደመወዝ ነው ወሳኙ። የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 መጨረሻ ሲመረቅ ከየገጠሩ ብዙ ወጣት ሴቶች ለሥራ መጡ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን ትምህርት ቤት ሪፖርት የጀማሪ ሠራተኛዋን መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ብሎ መዝግቦታል፣ በዓለም ልብስ ስፌት ዘርፍ ዝቅተኛው ነው ብሎም ጽፏል። ልጆቹ አንድ ክፍል ለብዙ ሆነው ነበር የሚከራዩት። ለግሉ ዘርፍ በሕግ የተቆረጠ ዝቅተኛ ደመወዝ ስለሌለ፣ ኑሮው ርካሽ በሆነበት ከተማ ደመወዙም ተከትሎ ሊወርድ ይችላል። የሀዋሳ ኪራይ ከአዲስ አበባ አነሰ ብሎ መደሰት የሚችለው ደመወዙ ከውጭ የሚመጣለት ሰው ነው። ኪራዩን ከዚያው ከተማ ደመወዝ ለምትከፍለው ልጅ ርካሽ አይደለም።

በአዳማና በአዲስ አበባ መሃል ስላሉት ከተሞች ግን ሰው አያስብም። ዱከም የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን አለ፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ አለ፣ ቢሾፍቱም ሥራ አለ። ከአዳማ ሞጆ ለመድረስ የሚፈጀው ጊዜ ከገርጂ ሜክሲኮ ከሚፈጀው ያንሳል። ሒሳብ ሠራተኛ፣ መጋዘን ተቆጣጣሪ፣ የጉምሩክ አስተላላፊ ከሆናችሁ ቃሊቲን ሳትረግጡ የምትከፈሉበት ሥራ እዚህ መስመር ላይ ፈልጉ። ከሁሉም ይሄኛው ነው ለእኔ አምስት ኮከብ።

የተረፈውስ ብር የት ይገባል? ባንክ ላይ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ ከ2010 ጀምሮ 7 በመቶ ነው። ብር በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በአጭር ጊዜ ከ100 ብር አለፈ፣ ባንክ የተኛ ብር ምን እንደሆነ ሁላችንም አይተናል። እኔ ጋ የሚሠራው እቁብ ነው፣ በተለይ ዕቃ መግዛት ወይም ዕዳ መዝጋት ለሚፈልግ። የአዳማ እቁብ ሰብሳቢዎች ቀልድ አያውቁም፣ ቀኑን ካሳለፋችሁ ሰፈር ሁሉ ይሰማል። ያ እፍረት ከማንኛውም የባንክ መተግበሪያ በተሻለ ያስቆጥባል።

ቤት ፍለጋውን በአጭሩ። ደላላው ፍራንኮ አካባቢ የሚያሳያችሁ ቤትና ቦኩ በኩል የሚያሳያችሁ ቤት ዋጋቸው አይገናኝም፣ መጀመሪያ ውዱን ነው የሚያሳየው። የመጀመሪያውን ቀን እዩና ሂዱ፣ ቀብድ አትስጡ። አከራይዋን «እማማ፣ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ሮቶ አለ? ቆጣሪው የጋራ ነው?» ብላችሁ በቀጥታ ጠይቁ፣ ለደላላው ከሆነ መልሱ ሁሌም «አለ፣ አለ» ነው። በ2016 የወጣው የኪራይ አዋጅ ተግባራዊ በሆነበት ቦታ ውል ከ2 ዓመት አያንስም፣ ቅድሚያ ክፍያም ከ2 ወር አይበልጥም፣ የስድስት ወር የሚጠይቅ አከራይ ካጋጠማችሁ ይሄን አንሱበት። ቤቱን ደግሞ እኩለ ቀን ላይ እዩት፣ ሚያዝያ ወይም ግንቦት ከሆነ ይበልጥ ጥሩ። ቆርቆሮው ኮርኒስ ከሌለው ማታም አትተኙበት።